ከኮንቴይነሩ ጀርባ ያለው ባሕር

ጀንበር ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀራት ጅቡቲ ከተማ ከቤቷ ትወጣለች። ቀኑን በር ዘግቶ በቬንትሌተር ሥር ያሳለፈው ሰው ወደ ሲየስታ የባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ባሕሩ ሸሽቷል። ጠዋት ውሃ የነበረበት ቦታ አሁን እርጥብና ጠፍጣፋ አሸዋ ነው። ልጆች ሸበጣቸውን የግብ ቋሚ አድርገው በባዶ እግራቸው ኳስ ያሳድዳሉ። ራቅ ብለው መልሕቅ የጣሉ መርከቦች ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ከዳርቻው ግንብ ላይ አንድ ጎልማሳ ጫማቸውን እንዳጠለቁ ተቀምጠው ጨዋታውን ይመለከታሉ። አማርኛ ሲያወሩ ሰማኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ጭነት እስኪደርሳቸው ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር ከሌሎች ሹፌሮች ጋር ሰንብተው ከተማ ሊያዩ መጥተዋል።

“ባሕር ገብተው ያውቃሉ፣ ጋሼ?” አልኳቸው።

“አይ የኔ ልጅ!” አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። “አሥራ ስድስት ዓመት ተመላለስኩ። ጫንኩ፣ ሸራ አሰርኩ፣ ወጣሁ። ባሕሩን የማውቀው በመኪናው መስኮት ነው።”

እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን ከእርሳቸው አንሻልም። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ እጅግ አብዛኛው በዚህች ከተማ ያልፋል። የምንለብሰው ጨርቅ፣ የምንነዳው መኪና፣ ማሳችን ላይ የምንበትነው ማዳበሪያ የጅቡቲን አየር ቀምሶ የመጣ ነው። ስሟን ከኮንቴይነር፣ ከቀረጥና ከኪራይ ጋር እናነሳዋለን እንጂ ከመዋኛ ልብስ ጋር አናነሳውም። ባሕር በወሬያችን ውስጥ ሁልጊዜ የናፍቆት ወይም የክርክር ጉዳይ ነው፤ የመጫወቻ ቦታ ሆኖ አያውቅም። እኔ ግን ቀናት ወስጄ በእግር፣ በጀልባና በዋና ካየኋት በኋላ አንድ ነገር አምኛለሁ። በጎረቤታችን ያለውን ባሕር ለማወቅ ከሁሉ የሚቀድመው መንገድ ገብቶ መንሳፈፍ ነው።

ሙቀቱ የሚያዘው ሰዓት

ጅቡቲ ውስጥ ስፖርት የሚሠራበትን ሰዓት የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ኻምሲን የሚሉት ደረቅና ትኩስ ነፋስ ከበረሃው እየተነሣ ይነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያኔ ለጨዋታ የሚሄድ እንግዳ ራሱን ይጎዳል እንጂ አይዝናናም። ወዳጅ የሆነው ወቅት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ነው። በእነዚህ ወራት ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ማታው ለስለስ ይላል፤ ባሕሩም ሳይበርድና ሳይሞቅ ይቆያል።

በዚህ ወቅትም ቢሆን እኩለ ቀን የእረፍት ነው። ቢሮና ሱቅ ይዘጋል። ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት በዚያው ገደማ ይደርስና ከተማዋ ለሰዓታት ጸጥ ትላለች። ስለዚህ እንግዳው ቀኑን ለሁለት ከፍሎ መያዝ አለበት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ለጀልባና ለሩጫ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽት ለዳርቻና ለኳስ። የሳምንቱ የእረፍት ቀናት ዓርብና ቅዳሜ ናቸው፤ የከተማዋ ቤተሰብ ምግቡን ሸክፎ ወደ ባሕር የሚወጣው ያኔ ነው። ጨዋታውን ከሰዎቹ ጋር መጫወት የሚፈልግ እንግዳ ጉዞውን ለዓርብ ያመቻች።

ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድም የራሱ ታሪክ አለው። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የጀመሩት የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የአዲስ አበባው “ለገሃር” ስሙን የወሰደው ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ እንደሆነ ብዙ ሰው ያውቃል። አሮጌው ባቡር ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የኤሌክትሪኩ ተመረቀ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ሐዲድ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከተዘረጋችው ከተማ ተነስቶ፣ በአዳማና በድሬዳዋ አልፎ፣ ከባሕር ወለል እኩል ወደሆነው ነጋድ ጣቢያ ይወርዳል።

አሥራ ሰባት ሴኮንድ

ከፍታው ለሩጫ ወዳጆች ትልቅ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ሯጭ በመጀመሪያው ጠዋት ሳንባው ሰፋ ያለ ይመስለዋል፤ አየሩ በኦክሲጅን የጠገበ ነውና። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላው ነገር ይደርስበታል። የባሕሩ ዳርቻ አየር በእንፋሎት የተሞላ ስለሆነ ላብ ከገላ ላይ በቀላሉ አይተንም። ላብ ካልተነነ ደግሞ ገላ አይቀዘቅዝም። እኔም ሱሉልታ ላይ ሳልጨነቅ የምሮጠውን ርቀት ሲየስታ ላይ ግማሹን ሳልጨርስ ልብሴ ተጨምቆ የሚወጣ ሆነ። መፍትሔው ፍጥነትን መቀነስ፣ ከፀሐይ ቀድሞ መነሣትና ውሃ መያዝ ነው።

በዚህ ሙቀት ያደገ አንድ ሰው ግን ዓለምን አስደንቋል። አሕመድ ሳላሕ እ.ኤ.አ. በ1985 ሂሮሺማ ላይ የመጀመሪያውን የዓለም የማራቶን ዋንጫ ያሸነፈ ጅቡቲያዊ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ታሪኩ ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ የተፈጸመው ነው። በዚያ ቀን የእኛው በላይነህ ዴንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ገብቶ ለ10 ዓመት ሳይሰበር የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ከእርሱ በ17 ሴኮንድ ብቻ ዘግይቶ የገባው አሕመድ ሳላሕ ነበር። ሁለተኛ የወጣው ሰው እንኳ ከቀድሞው ክብረ ወሰን በታች ነው የሮጠው። የሁለት ጎረቤታሞች ልጆች ከዓለም ሁሉ ፊት ነበሩ። ኢትዮጵያ ባልተሳተፈችበት የሴኡል ኦሊምፒክ በዚያው ዓመት አሕመድ ነሐስ አጠለቀ። የአገሩ ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያም ያ ነው።

ሩጫ ዛሬም የጅቡቲ ጨዋታ ነው። ከተማዋን ለቆ ወደ ዲኪል በሚወስደው መንገድ ላይ ግራንድ ባራ የሚባል ሜዳ አለ። በጥንት ዘመን ሐይቅ የነበረ፣ አሁን የደረቀ፣ እንደ ምጣድ የተስተካከለ የሸክላ ሜዳ ነው። ዐይን የሚያርፍበት ዛፍ የለውም፤ በሙቀቱ ብልጭልጭታ ሩቅ ያለው ተራራ በውሃ ላይ የቆመ ይመስላል። በዚህ ሜዳ ላይ የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር ይካሄዳል፤ የአገሬው ሯጮችና በጅቡቲ የሰፈሩ የውጭ አገር ወታደሮች ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ሸራ የተገጠመላቸው ባለ ሦስት ጎማ ጋሪዎች ያለ ሞተር ሜዳውን ይቆርጡታል። የእኛ ከባድ መኪናዎች በየቀኑ በዚህ ሜዳ ጥግ ያልፋሉ።

የብረት ኳስና የጀማሪ ትንፋሽ

ከሲየስታው የኳስ ጨዋታ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጠጠር በለበሰ ሜዳ ላይ አዛውንቶችና ወጣቶች ተሰብስበው ነበር። ጨዋታው ፔታንክ ነው፤ ከፈረንሳይ ዘመን የቀረ። መጀመሪያ ትንሽ የእንጨት ኳስ ይወረወራል። ከዚያ ተጫዋቹ ሁለት እግሩን ገጥሞ ከክብ መስመር ውስጥ እንደቆመ የብረት ኳሱን ወደ ትንሿ ኳስ ለማስጠጋት ወይም የተቃራኒውን ኳስ ለማባረር ይወረውራል። መጀመሪያ 13 ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። እንግዳ ቆሞ ካየ ኳስ ይሰጡታል። እኔም ተሰጠኝ። የእኔ ኳስ ትንሿን አልፋ ስትሄድ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው እንዴት ከእጅ አንጓ እንደሚለቀቅ አሳዩኝ። በቋንቋ አልተግባባንም፤ ሁለተኛዋ ኳስ ግን ቀረበች።

በማግስቱ ወደ ሙሻ ሄድን። ሙሻና ማስካሊ ከከተማዋ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ያሉ ዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች ናቸው። ጀልባ ከከተማው ወደብ ተነስቶ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያደርሳል። በሙሻ በስተ ውስጥ ሥራቸውን ጨው ውሃ ውስጥ የተከሉ የማንግሮቭ ዛፎች አሉ፤ ትንንሽ ዓሦች በሥሮቹ መካከል ያድጋሉ። ጥልቀቱ ትንሽ፣ ውሃው ጸጥ ያለ በመሆኑ ዋና ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየሁም።

አብዛኞቻችን ዋና የተማርነው በወንዝ፣ በሶደሬ ገንዳ ወይም በላንጋኖ ቡናማ ውሃ ነው። በላንጋኖ የገዛ እጃችን እንኳ ውሃ ውስጥ አይታየንም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ዐይን ገልጦ ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። ጀልባ ነጂው መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ሰጠኝ። ድሬዳዋ ያደገ የጅቡቲ ሰው ስለሆነ አማርኛው የእኔን ያህል ነው።

“መነጽሩ ላይ ምራቅህን እንትፍ በልና እጠበው፤ ጉም አይዝህም” አለኝ። “አፍንጫህን እርሳው። በአፍህ ቀስ ብለህ ተንፍስ። ውሃው አይጥልህም፤ ጨው ነው፣ ይሸከምሃል።”

እውነትም ተሸከመኝ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ልቤ ሲደልቅ ሰማሁት። ትንፋሼ ሲረጋ ግን ከሥሬ ያለው ዓለም ተከፈተ። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ባለ ግርፍ ዓሦች እኔን ከምንም ሳይቆጥሩ ኮራሉን ይለቅማሉ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነው። እጅግ ትንንሽ እንስሳት በማኅበር እየኖሩ የኖራ ቤታቸውን ይገነባሉ፤ ጠጠር የመሰለው ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ደክሞት በእግሩ የሚቆምበት ሰው የብዙ ዓመት ሥራ በአንድ አፍታ ይሰብራል። በኮራሉ ስንጥቅ የሚደበቀው የባሕር ጃርት ደግሞ እሾኹን እግር ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ደክሞህ ከሆነ በጀርባህ ተንሳፈፍ፤ ኮራል ላይ ግን አትቁም። ይህ ሕግ ለኮራሉም ለእግርህም ነው።

እንደ ጅግራ ላባ

በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ወደ አርታ ዳርቻ ተነሳን። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በቀዝቃዛው ወቅት ለዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ይበዙበታል። ነፋሱ ሲለወጥ ከጥልቁ በምግብ የበለጸገ ውሃ ወደ ላይ ይወጣልና ነው። እነዚህን ጥቃቅን ነፍሳት ፍለጋ በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ የሚገዝፈው ይመጣል። ስሙ ዓሣ ነባሪ ሻርክ ነው። ዓሣ ነባሪ ይባል እንጂ በስንጥብ የሚተነፍስ ሻርክ ነው፤ ሻርክ ይሁን እንጂ ሰው አይነካም። ያደገው ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ወደ ጅቡቲ የሚመጡት አብዛኞቹ ግን ገና ወጣቶችና ወንዶች ሲሆኑ ርዝመታቸው ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ነው።

ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ውሃው አረንጓዴ ነበር፤ የሚበላው ነገር እንዳለ ምልክቱ ይህ ነው። ጥቁር ክንፍ ከውሃው ላይ ብቅ አለች።

“ግባ፤ ግን አትከተለው። አንተ ዝም ብለህ ተንሳፈፍ፣ እሱ ራሱ ይመጣል። እጅህን ሰብስብ!”

ገባሁ። ለጥቂት ጊዜ አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነበር። ከዚያ ከፊት ለፊቴ አንድ ጥላ ወፈረ፤ ሰፊ አፍ ሆነ፤ አፉ እየተከፈተና እየተዘጋ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ከጎኔ ሲያልፍ ገላው ታየኝ። በግራጫ ሰማያዊ ቆዳ ላይ የተበተነ ነጭ ነጥብ፣ ልክ እንደ ጅግራ ላባ። ትንሽ ዐይኑ አየችኝ። ጅራቱን ሁለት ጊዜ ወዘወዘና ከዐይኔ ተሰወረ። ከውሃው ስወጣ መናገር አልቻልኩም፤ ጀልባ ነጂውም እንድናገር አልጠየቀኝም።

ያ የነጥብ ጥለት ለእያንዳንዱ ዓሣ የተለየ ነው፤ እንደ ጣት አሻራ። ተመራማሪዎች በፎቶ እያነጻጸሩ የትኛው ሻርክ እንደተመለሰ ይለያሉ። ዝርያው በመላው ዓለም እየተመናመነ ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ተመዝግቧል። ስለዚህ አብሮት የሚዋኝ ሰው ግዴታ አለበት። ከገላው ሦስት ሜትር፣ ከጅራቱ ከዚያ በላይ መራቅ፤ አለመንካት፤ ብልጭታ ያለው ፎቶ አለማንሳት፤ መንገዱን አለመዝጋት። ብዙ ጀልባ ከከበበው ሌላ ቀን መሞከር ይሻላል። የጀልባ የሞተር ምላጭ ጠባሳ በገላቸው የሚታይ ሻርኮች አሉና፣ ጀልባ ስንከራይ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ነጂው ዓሣው አጠገብ ሞተሩን ያጠፋ እንደሆነ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ከባሕር በታች በእግር

ባሕረ ሰላጤውን ወደ ምዕራብ ከተከተልነው በጠባብ መተላለፊያ በኩል ጉቤት ወደሚባለው ጥልቅ የውሃ ገንዳ ያደርሳል። እዚህ ምድር እየተቀደደች ነው። የዓረቢያና የአፍሪካ የመሬት ሰሌዳዎች በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲፈነዳ መሬቱ ከአንድ ሜትር በላይ ተከፈተ። ያኔ የፈሰሰው ድንጋይ ዛሬም የከሰል ያህል ጥቁር ነው። በላዩ መራመድ ከባድ ነው፤ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ አካባቢውን የሚያውቅ የአፋር መሪና ለእያንዳንዱ ሰው ብዙ ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ደክሞህ ወደ ጉድጓዱ አፍ ስትደርስ ግን በአንድ በኩል ሰማያዊውን ጉቤት፣ በሌላው በኩል ነጩን አሳል ታያለህ።

አሳል ሐይቅ ከከተማዋ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለ፣ ከአፍሪካ ሁሉ ዝቅተኛው ስፍራ ነው። ከጉቤት በመሬት ስንጥቅ ሾልኮ የሚመጣው የባሕር ውሃ እዚህ በፀሐይ ይተንና ጨውን ትቶ ይሄዳል። ጨዋማነቱ ከባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ነው። ገብቼ ልቀመጥ ሞከርኩ፤ ውሃው እምቢ አለኝ፤ እግሮቼን አንስቶ በጀርባዬ አስተኛኝ። የጨዉ ቅርፊት እንደ ብርጭቆ ይቆርጣልና ጫማ አይውለቅ፤ ዐይን ውስጥ እንዳይገባም ፊትን መንከር አይገባም። ስትወጣ የምትታጠብበት ንጹሕ ውሃ አስቀድመህ መያዝ አለብህ፤ አለበለዚያ ቆዳህ ላይ ጨው ይደርቃል።

እዚህ ዳርቻ ቆሜ የታሰበኝ ያ ሹፌር ነበር። ከዚህ ሐይቅ ጨው በአፋር ግመሎች ተጭኖ ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም ከታጁራ ተነስቶ በዚሁ በረሃ አቋርጦ ነው አንኮበር የደረሰው። ጭነት በዚህ ምድር ማለፍ የጀመረው ከኮንቴይነሩ እጅግ በፊት ነው።

ሙቀቱ የሰለቸው እንግዳ በታጁራ በኩል ወደ ጎዳ ተራሮች ይውጣ። ከ1,500 ሜትር በላይ ያለው የዴይ ደን የጥድ ዛፎች ያሉበት፣ ከጅቡቲ ውጭ በየትም የማይገኝ ቆቅ የሚኖርበት ነው። ጥዶቹ ብዙዎቹ ደርቀዋል፤ የቀሩትን ማየት ለእኛ የደጋ ሰዎች የዘመድ ለቅሶ ያህል ያማል።

ስለ ወጪው አልደብቅም፤ ጅቡቲ ውድ ናት። ፍራንኳ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ። የጀልባ ኪራይ የሚቀልለው ስድስትና ስምንት ሆኖ በመከራየት ነው። የሲየስታ ኳስ፣ የፔታንክ ሜዳና የንጋት ሩጫ ግን ገንዘብ አይጠይቁም።

ሃይላንዱ

ዓርብ ከሰዓት ከዶራሌ ወዲያ ባለው ኮር አምባዶ ዳርቻ ሹፌሩን በቀጠሯችን አገኘኋቸው። ጭነታቸው ለማግስቱ ተይዟል። ጥቁር ድንጋይ በከበበው ዳርቻ ቤተሰቦች ሩዝና ዓሣ ይበላሉ፤ ሕፃናት በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ይንሳፈፋሉ።

ጋሼ ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸውን አጣጥፈው ውስጡ ከተቱ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉ። የመጀመሪያው ማዕበል ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካ ወደ ኋላ አሉና እንደገና ገቡ። እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ። ሱሪው መጠቅለሉ ትርጉም አልነበረውም። ከጀርባቸው ደገፍኳቸውና “ዘና ይበሉ፤ ይሸከምዎታል” አልኳቸው፤ ጀልባ ነጂው ለእኔ ያለኝን። ጆሯቸው ውሃ ውስጥ ሲገባ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እጄን ከሥራቸው ቀስ ብዬ አወጣሁ። ተንሳፈፉ።

ሲወጡ ብዙ አልተናገሩም። ከመኪናው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አመጡ፤ ጎንበስ ብለው ከባሕሩ ሞሉት፤ ክዳኑን ጠበቅ አድርገው አሰሩ።

“ለትንሿ ልጄ ነው” አሉኝ። “ትቅመሰው። አባቷ የሚሠራበት እዚህ እንደሆነ ትወቅ።”

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ኮንቴይነር ጭኖ ወደ ገላፊ ተነሳ። ጠርሙሱ ከሹፌሩ ጎን፣ ከመስኮቱ ሥር ነበር።